ክንዳችን ላይ የቀረው የከብት ሐኪም

እስቲ እጅጌያችሁን ሰብሰብ አድርጋችሁ ክንዳችሁን እዩት። አብዛኞቻችሁ ከትከሻ ዝቅ ብላ አንዲት ትንሽ ክብ ጠባሳ አለቻችሁ። እኔም አለችኝ። እናቴ አራስ ሳለች የተወጋሁት የቲቢ ክትባት ምልክት ናት። ክትባቱ ቢሲጂ ይባላል። ቢ ባሲለስ ከሚለው የባክቴሪያ ስም፣ ሲ ካልሜት ከሚባል ሐኪም፣ ጂ ደግሞ ጌራን ከሚባል ሰው ስም የተወሰዱ ፊደላት ናቸው። እኔ ይህቺ ጂ የማን እንደሆነች የጠየቅኩት ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ እሱም በአጎቴ ላም ምክንያት።

አጎቴ ከአዲስ አበባ ወጣ ባለች ከተማ ጥቂት ድቅል የወተት ላሞች ያረባሉ። ልጆች ሳለን ክረምቱን እሳቸው ጋር ስናሳልፍ ወተቱን እንደታለበ፣ ሙቀቱ ሳይለቀው፣ ሳይፈላ ነበር የምንጠጣው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከገበያ የገዟት አንዲት ላም እየከሳች መጣች። ታስላለች፣ ወተቷም ቀነሰ። የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጥቶ አያትና ቲቢ ሊሆን ስለሚችል እንድትመረመር መከረ። አጎቴ አልፈለጉም።

ኢኮኖሚክስ ተመርቄ የወጣሁ ሰሞን ስለነበር ስሌታቸው ወዲያው ገባኝ። ተመርምራ በሽታው ከተገኘባት ላሟ አለቀላት፤ ካሳ የሚከፍላቸው የለም። ካልተመረመረች ግን አሁንም የሚታለብ ላም ነች፣ ገበያ ላይ ዋጋ አላት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተሸጠች። እኛ ክፍል ውስጥ ሻጩ የሚያውቀውን ገዢው የማያውቅበት ገበያ እያልን በግራፍ የተማርነው ነገር፣ አጎቴ ግቢ ውስጥ አራት እግር አውጥቶ ሲሄድ አየሁት።

ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። እኛ ሰዎቹ በተወለድን በቀናት ውስጥ እንከተባለን። ታዲያ ላሞቹ ለምን አይከተቡም? መልሱን ስፈልግ ያገኘሁት ካሚል ጌራንን ነው። ሰውየው የሰው ሐኪም አልነበረም፤ የከብት ሐኪም ነበር። ይባስ ብሎ ደግሞ ያ ክንዳችን ላይ ያለው ክትባት ሲጀመር የታሰበው ለከብት ነው። (ታሪኩ የውጭ ስለሆነ ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ጌራን የተወለደው በታኅሣሥ 1872 በፈረንሳይ ፖይቲየር ከተማ፣ ኑሮው ዝቅ ካለ ቤተሰብ ነው። በ1882 አባቱ በቲቢ ሞተ፤ ልጁ ገና አሥር ዓመት አልሞላውም ነበር። የሚገርመው በዚያው ዓመት፣ በመጋቢት ወር፣ ጀርመናዊው ሮበርት ኮክ የቲቢን ባክቴሪያ ማግኘቱን በርሊን ላይ ለዓለም አሳወቀ። ገዳዩ ታወቀ ማለት ነው። መድኃኒቱ ግን ገና ከስልሳ ዓመት በላይ ይቀረው ነበር።

ጌራን ከ1892 እስከ 1896 በፓሪስ አጠገብ በሚገኘው የአልፎር የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ተማረ። እዚያ የኤድሞን ኖካር ረዳት ሆነ። ኖካር በዘመኑ ስለ ከብት በሽታ ሲነሳ ስሙ ከሚጠሩት አንዱ ነበር። በ1897 ጌራን ወደ ሰሜን ፈረንሳይ፣ ወደ ሊል ከተማ ሄዶ በፓስተር ኢንስቲትዩት ተቀጠረ። አለቃው አልበርት ካልሜት ሐኪም ነው፤ ከእሱ በፊት ሳይጎን ውስጥ ሠርቷል፣ የእባብ መርዝ ማርከሻ በማዘጋጀት ስም አውጥቷል።

ጌራን ሥራውን የጀመረው ከታች ነው። ማርከሻውንና የፈንጣጣ ክትባቱን ያዘጋጅ ነበር። ዝም ብሎ የታዘዘውን የሚሠራ ሰው ግን አልሆነም፤ የፈንጣጣ ክትባት አመራረቱን በጥንቸሎች ተጠቅሞ አሻሻለው፣ የክትባቱን ጥንካሬ የሚለካበትንም ዘዴ አበጀ። በሦስት ዓመት ውስጥ፣ በ1900፣ የላቦራቶሪ ኃላፊ ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን የዘመኑን ሙግት እንይ፤ ምክንያቱም የጌራን ሥራ ያለሱ አይገባም። በ1901 ለንደን ላይ በተደረገ ጉባኤ ኮክ የከብት ቲቢ ለሰው ያን ያህል እንደማያሰጋ ተናገረ። ባክቴሪያውን ያገኘው ራሱ ሰውየው ስለሆነ ቃሉ ክብደት ነበረው። እንግሊዞች ግን ዝም ብለው አልተቀበሉትም። የንጉሥ ኮሚሽን አቋቁመው ለአሥር ዓመት አስጠኑና ኮክ መሳሳቱን አረጋገጡ። የከብት ቲቢ ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ዋናው መንገዱም ያልፈላ ወተት ነው፤ በተለይ የሚጎዳው ሕፃናትን ነው። ትልቅ ሰው ሲሳሳት ስህተቱም ትልቅ ነው፤ ስንት ቤት በዚያ አሥር ዓመት ወተቱን ሳያፈላ ጠጥቶ ይሆን።

ጌራን የእንስሳት ሐኪም ነውና ከብቱንና ሰውን ለያይቶ አላየም። እሱና ካልሜት የያዙት ባክቴሪያ መምህሩ ኖካር በ1902 ጡቷ በቲቢ ከታመመ ላም ወተት የለየው ነው። ከሰው የተወሰደ አይደለም። ባክቴሪያው ላቦራቶሪ ውስጥ እየተጓጎለ ስላስቸገራቸው የበሬ ሐሞት ጨመሩበት። በሐሞትና በግሊሰሪን የተቀቀለ ድንች ላይ ነበር የሚያበቅሉት። አዎ፣ ድንች! ታዲያ ሐሞቱ ከመጓጎሉም ሌላ ነገር አደረገ፤ ባክቴሪያው ቀስ በቀስ እየደከመ መጣ። እዚህ ላይ ነው ዓይናቸው የበራው። በደንብ ከደከመ በሽታ ሳያመጣ ሰውነትን ሊያሰለጥን ይችላል።

ሥራው በ1908 ተጀመረ። በየሦስት ሳምንቱ ባክቴሪያውን ከአንዱ ድንች አንስቶ ወደ ሌላ አዲስ ድንች ማዛወር። በቃ፣ ይኸው ነው። 230 ጊዜ። ሂሳብ የምትወዱ ካላችሁ 230ን በ21 ቀን አባዙት፤ 13 ዓመት ይመጣል። አሁን እኛ አንድ ቪዲዮ እስኪከፍት አሥር ሰከንድ ስንጠብቅ የምንበሳጨውን አስቡና፣ መጨረሻው ይሳካ አይሳካ ሳያውቁ 13 ዓመት ድንች መቀየርን አስቡት።

ባክቴሪያው እየደከመ ሲሄድ በጊኒ ፒግ፣ በጥንቸል፣ በከብት ላይ ሞከሩት። አልታመሙም። ዕቅዳቸው በሰፊው ከብቶችን መከተብ ነበር። ግን ምን ያደርጋል፣ 1914 መጣ። ጀርመኖች ሊልን ያዙ፣ እስከ 1918 መጨረሻም አልለቀቁም። ለወታደር ቀለብ ከብት ይወሰዳል፣ ድንች ተወደደ፣ ሐሞት ማግኘትም ጭንቅ ሆነ። የካልሜት ሚስት በ1918 መጀመሪያ በመያዣነት ወደ ጀርመን ተወሰደች። በዚያው ዓመት የጌራን ሚስት ሞተች። ምክንያቱ ቲቢ ነው።

እዚህ ጋ ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። ልጅ ሆኖ አባቱን የወሰደበት በሽታ፣ አሁን ደግሞ ሚስቱን። እሱ ደግሞ ሥራው በሽታውን በየሦስት ሳምንቱ በእጁ እያነሳ ማዛወር ነው፤ ክትባቱ ሊያልቅ ሦስት ዓመት ቀርቶታል። ሥራውን አላቆመም።

በ1921 ፓሪስ ውስጥ አንዲት እናት ወልዳ በቲቢ ሞተች። ሕፃኑን የሚያሳድጉት አያቱ ናቸው፤ እሳቸውም የቲቢ ሕመምተኛ ነበሩ። ሐኪሞቹ ልጁ እንደማይተርፍ ስለገባቸው በሰው ላይ ተሞክሮ የማያውቀውን ክትባት በአፉ ሰጡት። ልጁ አልታመመም። ከዚያ ወዲያ ነገሩ በአንዴ ዞረ። ከ1924 እስከ 1928 ባለው ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ ከ100,000 በላይ ሕፃናት ተከተቡ። ለጥጃ የታሰበው ክትባት የሕፃናት ሆነ። ከብቶቹም ተረሱ።

መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1930 ጀርመን ሉቤክ ከተማ ውስጥ 250 ያህል ሕፃናት ክትባቱን በአፋቸው ወሰዱ፤ ከ70 በላይ ሞቱ። ዓለም ተንቀጠቀጠ፣ ጣት ሁሉ ወደ ካልሜትና ጌራን ተቀሰረ። በኋላ ሲጣራ ጥፋቱ የክትባቱ አልነበረም። እዚያው ከተማ ላቦራቶሪ ውስጥ ክትባቱ ካልደከመ እውነተኛ የቲቢ ባክቴሪያ ጋር ተቀላቅሎ ነበር። ኃላፊዎቹ ተፈርዶባቸው ታሰሩ። ካልሜት ግን ሐዘኑ ሳይለቀው በ1933 ሞተ።

ጌራን ቀረ። ከ1928 ጀምሮ በፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት የቲቢን ክፍል ይመራ ነበር። ሌላ ጦርነት አለፈ። በ1948 የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ የቢሲጂ ጉባኤ በሊቀመንበርነት መራ። በ1949 የፈረንሳይ የእንስሳት ሕክምና አካዳሚ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1951 ደግሞ የሰው ሕክምናው አካዳሚ ፕሬዚዳንት። ሁለቱንም ወንበር የተቀመጠበት የከብት ሐኪም ነው። በሰኔ 1961፣ በ88 ዓመቱ አረፈ። እኛ አገር መደበኛው የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1980 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጂ የምትለዋ ፊደል በሚሊዮኖች ክንድ ላይ አለች።

ክትባቱ ተዓምር ነው እያልኳችሁ አይደለም። ሕፃናትን ከከባዱ የቲቢ ዓይነት፣ ለምሳሌ አንጎል ሽፋን ላይ ከሚወጣው፣ በደንብ ይከላከላል። የአዋቂን የሳንባ ቲቢ በማስቆም በኩል ግን ደካማ ነው። ይህን መዝለል ተገቢ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ላሞቹስ?

ጌራን ድንች ሲቀይር ሀብታሞቹ አገሮች ሌላ መንገድ እየያዙ ነበር። ኮክ መድኃኒት ይሆናል ብሎ ያወጣው ቲዩበርክሊን የሚባል ነገር መድኃኒት መሆኑ ባይሳካም ጥሩ መመርመሪያ ሆኖ ተገኘ። ከብቱ ቆዳ ላይ ይወጋል፣ ከቀናት በኋላ ካበጠ ከብቱ ባክቴሪያው ይዞታል ማለት ነው። ስለዚህ መርምር፣ ያበጠውን እረድ፣ ለገበሬው ካሳ ክፈል። አሜሪካ በ1917 ጀመረች፣ የአውሮፓ አገሮችም ተከተሉ። ወተት ማፍላትም ተጨመረበት። በብዙ ቦታ በሽታው ጠፋ ወይም ጠፋ ሊባል የሚችል ሆነ።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። በቢሲጂ የተከተበ ከብትም በዚያ ምርመራ ቆዳው ያብጣል። የታመመውንና የተከተበውን መለየት አይቻልም። ስለዚህ አገሮቹ መምረጥ ነበረባቸው፤ ወይ ምርመራ ወይ ክትባት። ካሳ የሚከፍል ካዝና ያለው ምርመራን መረጠ፣ ከብት መከተብም ተከለከለ። ሕጉ የተጻፈው መክፈል በሚችለው ልክ ነው። መክፈል የማይችለው ደግሞ ከብቱን መመርመር አቅቶት፣ መከተብም ተከልክሎ መሐል ላይ ቀረ።

ሀብታሙም ቢሆን ሁልጊዜ አልተሳካለትም። እንግሊዝን እንይ። በ1971 ግሎስተርሸር ውስጥ አንድ የሞተ ባጀር በከብት ቲቢ ተይዞ ተገኘ። ባጀር ፊቱ ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው፣ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር፣ በሌሊት የሚወጣ የዱር እንስሳ ነው። ከብቶቹን እያረዱ ቢያጸዱም በሽታው ከዱሩ እየተመለሰ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ባጀሮቹን መግደል ተጀመረ፤ መጀመሪያ ጉድጓዳቸው ውስጥ በመርዝ ጋዝ።

በ1998 ነገሩን በሳይንስ ለመዳኘት ትልቅ ሙከራ ተጀመረ። እያንዳንዳቸው 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆኑ 30 አካባቢዎች ተመርጠው፣ አንዳንዱ ቦታ ባጀር በሰፊው ተገደለ፣ አንዳንዱ ቦታ የከብት ቲቢ ሲገኝ ብቻ፣ አንዳንዱ ቦታ ምንም አልተነካም። ወደ 11,000 ባጀሮች ተገደሉ። ውጤቱ አስገራሚ ነው። በሰፊው በተገደለበት ቦታ ውስጥ የከብት ቲቢ ቀነሰ፤ ከድንበሩ ወጣ ብሎ ባሉት እርሻዎች ግን ጨመረ። የተረፉት ባጀሮች ሲደናገጡ ክልላቸውን ጥለው መዞር ጀመሩ፣ በሽታውንም ይዘው ዞሩ። ሙከራውን የመራው ቡድን በ2007 ባጀር መግደል በሽታውን ለመቆጣጠር ይህ ነው የሚባል አስተዋጽኦ እንደማያደርግ ደመደመ።

ያም ሆኖ በ2013 ግድያው እንደገና ተጀምሮ እስካሁን ከ200,000 በላይ ባጀሮች ተገድለዋል። የከብት ቲቢ በግድያው አካባቢዎች መቀነሱን ያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ሆኖም በዚያው ጊዜ የከብት ምርመራው ስለጠበቀ የትኛው ምን ያህል እንደሠራ ክርክሩ አላበቃም። ኒውዚላንድ ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ በሽታውን የያዘው ፖሰም ከውጭ የመጣ እንስሳ ስለሆነ ቁጥሩን መቀነሱ ጥሩ ሠርቷል። ስለዚህ የዱር እንስሳ መግደል ይሠራል ወይስ አይሠራም ተብሎ በደፈናው አይመለስም፤ እንስሳውና ቦታው ይወስናሉ።

ይህን ሁሉ ሲሞክሩ ቆይተው መጨረሻ ላይ ወደ ማን እንደተመለሱ ገምቱ። ወደ ጌራን። በ2010 እንግሊዝ ለባጀር የሚሆን ክትባት ፈቀደች፤ ክትባቱ ያው ቢሲጂ ነው። አየርላንድም ከ2018 ጀምሮ በደረጃ ከመግደል ወደ መከተብ እየዞረች ነው። ከብቱ ሲከለከል ባጀሩ ቀድሞ ተከተበ!

አሁን ግን ለከብቱም በሩ እየተከፈተ ይመስላል። ያ 230 ጊዜ ድንች ላይ የተዛወረው ባክቴሪያ ሲደክም ከዘረ መሉ ላይ አንድ ቁራጭ ጥሏል። እውነተኛው የበሽታ ባክቴሪያ ያ ቁራጭ አለው፣ ክትባቱ የለውም። አዲሱ ምርመራ የሚፈልገው ከዚያ ቁራጭ የሚመጣውን ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ የተከተበው ከብት ነፃ ይወጣል፣ የታመመው ይያዛል። ጌራን የዘረ መልን ነገር ሳያውቅ ከመቶ ዓመት በፊት ቁልፉን ትቶልን ነው የሄደው።

ከዚህ በኋላ የማወራው ሩቅ አገር አይደለም። የቢሲጂን ነገር በከብት ላይ በቅርብ ጊዜ በደንብ ካሳዩት ሥራዎች አንዱ የተሠራው እዚህ ሰበታ ነው። የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ባልደረቦቻቸው ጋር የተከተቡና ያልተከተቡ ጥጆችን በበሽታው ከተያዙ ከብቶች ጋር አንድ በረት ውስጥ ለአንድ ዓመት አቆዩ። ከዚያ እነዚያን ጥጆች ደግሞ ከሌሎች አዳዲስ ጥጆች ጋር አቀላቀሉ፤ በሽታውን ምን ያህል ያስተላልፋሉ ብለው ለማየት። በ2024 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ የወጣው ውጤት እንደሚያሳየው ክትባቱ ከብቱን ከመያዝ በከፊል ይከላከላል፤ ተይዞ ቢገኝ እንኳ በሽታውን ወደ ሌላው የማስተላለፍ አቅሙን በ74 ከመቶ ይቀንሳል። ሁለቱ ሲደመሩ 89 ከመቶ ይደርሳል።

በኢኮኖሚክስ ይህ ኤክስተርናሊቲ ይባላል፤ አንዱ ያደረገው ነገር ዋጋው ወይም ጥቅሙ ሌላው ላይ የሚያርፍበት። የአጎቴ ላም መሸጥ ክፉው ዓይነት ነው። የተከተበ ጥጃ ደግሞ ደግ ዓይነቱ፤ ባለቤቱ ለአንዱ ጥጃ ሲከፍል ጎረቤቱ በረት ውስጥ ያለችውም ትጠበቃለች። ስለዚህ ወጪውን ለገበሬው ብቻ መተው አያዋጣም፣ መንግሥትም መጋራት አለበት። ለእኛ ዓይነት አገር፣ ለታረደ ላም ካሳ መክፈል ለማይችል፣ ክትባት ገበሬው መደበቅ ሳያስፈልገው በሩን የሚከፍትለት መንገድ ይመስለኛል። ከተማ ዙሪያ ያሉት ድቅል የወተት ላሞች ደግሞ ከአገሬው ዝርያ ይልቅ በዚህ በሽታ ይበልጥ የሚጠቁ ናቸው፤ የከተማው ወተት የሚመጣው ደግሞ ከእነሱ ነው። እስከዚያው ድረስ ወተት አፍሉ። እባካችሁ።

ባለፈው በዓል አጎቴ ጋ ሄጄ የጌራንን ታሪክ አጫወትኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ የዚያችን ላም ነገር ራሳቸው አነሱት። የገዛት ሰው ትንንሽ ልጆች እንደነበሩት ነገሩኝ፤ ከዚያ ወዲያ ሰውየውን ገበያ ላይ አይተውት እንደማያውቁም። ሌላ ምንም አላሉም። ወተቱ ሲመጣ ግን ፈልቶ ነበር።